በክቡ መሐል የተጻፈ ስም

ነጅዕ አቡ ሲድር፣ ሶሃግ
ኦክቶበር 12 ቀን 2002

ለተከበሩ አጎቴ ሸሃታ፦

የአላህ ሰላም በእርስዎ ላይ ይሁን፤ በሰው አገር ያለ ጤናና ያለ እንቅልፍ አያሳድርዎ። ያ ወገብዎን ሰቅዞ የሚይዝዎት ነገር ተሻለዎት? ወይስ አሁንም ከዚያ ከሕንፃው በር ላይ በተነሡ ቁጥር «ያ ረብ» እያሉ ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሙቀቱ በረድ ብሏል፤ ትንኙ ግን ገና ወሬው አልደረሰውም።

የላኩልኝ ማርከርና ባለቀለም ካርቶን በሐጅ ፈርጋኒ እጅ ደርሶኛል። እጅዎ ይባረክ። ሐጅ ፈርጋኒ «ኩዌት ድረስ ሄጄ የልጆች ወረቀት ተሸክሜ ልመለስ?» እያለ ሲያጉረመርም ነበር፤ ግን አንዱም ሳይታጠፍ ነው ያመጣልኝ። እናቴ ነፍሷን ይማርና «ከአጎቴ ልጆች ሁሉ ሰው ሲጠይቀው እምቢ ማለት የማያውቀው ሸሃታ ነው» ትል ነበር። እውነቷን ነው።

ለምን እንደፈለግኩት ልንገርዎ። በእረፍቱ ወራት ሶሃግ ከተማ ወስደው አዲስ የማስተማሪያ ዘዴ አሠለጠኑን። የሐሳብ ካርታ ይሉታል። ልጆቹ ትምህርቱን እንደ በቀቀን ከሚደግሙት በሥዕል እያዩ እንዲያስቡት ነው። ምክንያቱን ከውጤቱ ለመለየት የዓሣ አጥንት ይሥላሉ። ሁለት ነገር ሲያወዳድሩ ሁለት የተጠላለፉ ክቦች ይሥላሉ። እኔ ከሁሉም የወደድኩት ግን ክብ ውስጥ ክቡን ነው። መሐሉ ላይ የሚያስቡትን ነገር ይጽፋሉ፣ ዙሪያውን ስለ እርሱ የሚያውቁትን ሁሉ። ከዚያ ከውጭ በአራት ማዕዘን ያጥሩታል፤ በአጥሩ ላይ ደግሞ «ይህን እንዴት አወቅሁ?» ለሚለው መልስ ይሰጣሉ። አነበብኩ፣ ሰማሁ፣ አየሁ ይላሉ። ራጂሕ የሚባል አንድ ጉደኛ ተማሪ አለኝ፤ «ጎሻችን ክፉ ናት» ብሎ ጻፈና አጥሩ ላይ ምን ቢጽፍ ጥሩ ነው? «ረግጣኛለች»። ሳቅ ሊገድለኝ ነበር።

ዳይሬክተራችን ኡስታዝ በክሪ የዓሣ አጥንቱን ግድግዳ ላይ ሲያዩ «ኢንሻራህ፣ ሥጋውን ማን በላው?» አሉኝ። ይሳቁ ግድ የለም። ልጆቹ እኮ አጎቴ፣ አፍ አውጥተዋል!

ልጅዎ ኢዕቲማድ ደህና ናት። ልጇ ሰልሳቢል ዘንድሮ እኔ ክፍል ገብታለች፣ አምስተኛ። ዝምተኛ ናት፤ አባቷ ከሞተ ወዲህማ ጭራሽ። እናቷ አሁንም ለዓይኗ እያለች ለዒድ ለዒድ ካይሮ ሐኪም ቤት ትወስዳታለች። የአቡ ደይፍ ቤት ሰዎችም እንደዚያው ናቸው። ልጃቸው ደርዲር በውኃ ፓምፑ ጠብ ከሞተ ይኸው ስንት ዓመት፣ በራቸው ላይ አንድ ወንበር አልዘረጉም። ባለፈው ነገሩን የማታውቅ አንዲት እንግዳ ሴት እናቱን «አላህ ያጽናሽ» ብትላት «ማን ሞቶብኝ?» ብላ አባረረቻት። ደም ሳይመልሱ ለቅሶ አይቀመጡ ነገር። እኔ ግን ይገርመኛል፤ ከማን ሊመልሱ ነው? ገዳዩ ልጅዎ ሙርሲ እስር ቤት ውስጥ በበሽታ አረፈ። ወንድሙን ዑቤድንም የሊቢያ ባሕር በላው። ወንድ ከቤትዎ ማን ቀረ? አጥንትዎ የሚንኳኳው እርስዎ ብቻ። ይቅር ይበሉኝ፣ አፌ አያርፍም።

ቀይና አረንጓዴ ማርከር ቢጨምሩልኝ ዱዓዬ አይለይዎትም።

አክባሪዎ ኢንሻራህ

*

ኩዌት፣ ሐወሊ
ኖቬምበር 20 ቀን 2002

ለልጄ ለኢንሻራህ፣

ሰላምታዬ ከዚህ እስከ አባይ ድረስ ይድረስሽ። ጾሙን አላህ ያግራልሽ፤ ቤትሽን በረከት ይሙላው፤ ባልም ይስጥሽ፤ ኧረ ይበቃል ያንቺ ነገር! እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ እንደ ጠላት በየጠዋቱ ይጠብቀኛል። በሕንፃው ውስጥ ያሉት ሰዎች «ሸሃታ፣ ሊፍቱ ቆመ፤ ሸሃታ፣ ውኃ ጠፋ» ሲሉ ነው የሚውሉት፤ አንዳንዴ ፀሐይዋም የምትጠልቀው በኔ ጥፋት ይመስላቸዋል።

የክብሽን ነገር አነበብኩት። በኛ ጊዜ ክብ የምናየው መምህሩ በዱላ ጭንቅላታችን ላይ ሲያበቅልልን ነበር፤ ቀለም አያስፈልገውም፣ በራሱ ይቀላል። አሁንማ ዘመናችሁ ነው። ማርከሩን ገዝቻለሁ፤ አረንጓዴው ወፍራም ነው፣ ሻጩ «ለቤት ቀለም ነው ወይ?» አለኝ። መንገደኛ ሳገኝ እልክልሻለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ሰልሳቢልን አትጫኛት። ስለ አባይ፣ ስለ ፒራሚድ፣ ስለ ጎሽ ትሣል፤ የቤቱን ነገር ምን ያደርግላታል? ከአቡ ደይፍ ቤት የመጣች ልጅ ክፍልሽ ውስጥ ካለች ደግሞ አንድ ወንበር ላይ አታስቀምጫቸው። ልጅና ልጅ መጫወቱ አይከፋም፤ እንዲሁ ሆዴ አይወደውም። ስለ ሙርሲና ስለ ዑቤድም በደብዳቤ አትጻፊልኝ። ቁስል ነው፤ ባትነኪው ደስ ይለኛል።

ኢዕቲማድን ሰላም በይልኝ። የሰልሳቢልን ዓይኖች ሳሚልኝ።

አጎትሽ ሸሃታ

*

ነጅዕ አቡ ሲድር
ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2003

ለተከበሩ አጎቴ ሸሃታ፦

ሰላምና ረሕመት ይድረስዎ። እንኳን ለዒድ አደረስዎ፤ የከርሞ ሰው ይበልዎ። በሬዲዮ ጦርነቱ ይጀመራል እያሉ ልባችንን አወለቁት፤ እርስዎ ደግሞ እዚያው አፉ ላይ ነዎት። ምድር ቤት አለው ወይ ያ ሕንፃ? ጋዝ ይጣላል ቢሉ ምን ያደርጋሉ? ኢዕቲማድ በየቀኑ ትጠይቀኛለች።

ስለ ዑቤድ አትጻፊ ብለውኛል። ይማሩኝና ዛሬ ልጽፍ ነው፤ አንብበው ሲጨርሱ ራስዎ ይመርቁኛል።

ከእረፍት ስንመለስ ለልጆቹ «ከዘመድ ሁሉ አብልጣችሁ የምትወዱትን ሰው በክቡ መሐል ጻፉ፤ እናትና አባት ግን አይቻልም» አልኳቸው። ሁሉም አያት፣ አክስት ጻፈ። ራጂሕ ጎሻቸውን ጻፈ፤ «ዘመድ ናት» ብሎ ተከራከረኝ። ሰልሳቢል ግን ካርቶኗን በክንዷ ጋርዳ ስትጽፍ ቆየችና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ሮጠች። መሐሉ ላይ «አጎቴ ዑቤድ» ይላል። ዙሪያውን ልገልብጥልዎ፦ የሸንኮራ ጭማቂ ይሸጣል። ሱቁ ፖርት ሰዒድ ከጀልባው መሻገሪያ አጠገብ ነው። ግራ እጁን ማሽኑ ነክሶት ጠባሳ አለው። ለዒድ ነጭ ጫማ ገዛልኝ። ሚስቱ ሆዷ ትልቅ ነው፣ ስትስቅ ሆዷም ይስቃል።

አጥሩ ላይ ደግሞ «እንዴት አወቅሽ?» ለሚለው አንድ ቃል ብቻ። «አየሁት»።

አጎቴ፣ ዝም ብዬ አለቀስኩ። የባሕር ሲሳይ የሆነ ሰው እኮ ነው! ይህች ሕፃን ግን ከባሕሩ አውጥታ፣ እዚያው ባሕሩ ዳር ሱቅ ሰጥታ፣ ሚስት አጋብታ አኖረችው። በሕልሟ እያየችው መሆን አለበት። ሞትን እንዲህ የምትጥል ልጅ አይቼ አላውቅም። አንደኛ ሰጠኋት። በሩን ሲገቡ ፊት ለፊት በሚታየው ቦታ፣ በእርስዎ አረንጓዴ ማርከር ኮከብ ሠርቼ ሰቀልኩት። ልጆቹ እየዞሩ የጓደኞቻቸውን ካርታ አነበቡ። ለቤት ሥራ ደግሞ «ከጓደኛችሁ ካርታ ሦስት ነገር መርጣችሁ ማታ ለቤት ሰው ተናገሩ» አልኳቸው። እንዲህ ሲሆን ነው ዕውቀት ከክፍል የሚወጣው።

የአቡ ደይፍ ቤት ልጅ ሒክመትም አለች፤ እንዳሉኝ አራርቄ ነው ያስቀመጥኳቸው። ግን የሰልሳቢልን ካርታ የመረጠችው እርሷ ናት። በማግስቱ «አብላ፣ መምህሬ፣ ሦስቱንም ተናግሬያለሁ» ብላ መጣች፤ ኮከብ ሰጠኋት። አዩ፣ ትልልቆቹ ያልቻሉትን ልጆቹ ቻሉት!

ኢንስፔክተሩ በማርች ይመጣል። እስከዚያ ግድግዳውን እንዳለ አቆየዋለሁ።

አክባሪዎ ኢንሻራህ

*

ኩዌት
ማርች 12 ቀን 2003

ኢንሻራህ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ይህን ስታነቢ በርሽን ዝጊ። አንብበሽ ስትጨርሺ እሳት ውስጥ ክተቺው።

ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ቆሜ ነበር የጀመርኩት፣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጨረስኩት። ዑቤድ አልሞተም። ጀልባም አልተሳፈረ፣ ሊቢያንም አላየ። ሙርሲ እስር ቤት ሲሞት የአቡ ደይፍ ቤት «አላህ ወሰደው እንጂ እኛ አልወሰድነውም» አሉ። ያኔ ተራው የዑቤድ መሆኑን አወቅሁ። ሰመጠ ብለን ለቅሶ ተቀመጥን፤ አንቺም አልቅሰሽ ነበር፣ አይቼሻለሁ፣ አፈርኩ። ኢዕቲማድና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው። የዓይን ሐኪም የሚባለው እርሱ ነው። ልጅቷን «ስሙን ለማንም እንዳትናገሪ» ብለን አስምለናታል። ታዲያ እኔ ደንቆሮ፣ መጻፍ መቻሏን ረሳሁት።

ደብዳቤሽን ኪሴ ከትቼ ሮጬ ደወልኩልሽ። የስልክ ቤቷ ፈውዚያ የአቡ ደይፍ ቤት ምራት መሆኗን ታውቂያለሽ፤ ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር። ምን ልበልሽ? «ልጄ በሕይወት አለና ስሙን ከግድግዳ አውርጂ» ልበል? ያልኩትን ሰምተሻል። በአላህ፣ ገብቶሽ ይሁን።

ዑቤድንም ከሱቁ ጎን ባለው ዳቦ ቤት ስልክ አስጠርቼ አነጋገርኩት። «ዛሬውኑ ውጣ» አልኩት። «አባዬ፣ ሚስቴ ወሯ ነው፣ በየት መንገድ ይዣት ልውጣ? ትውለድና እሄዳለሁ፤ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ሥዕል ማን ያነባል?» ብሎ ሳቀ። እኔ እጮኻለሁ፣ እርሱ ይስቃል። እናቱን ነው የሚመስለው፣ ምንም አያስፈራው።

ለኢዕቲማድ አትንገሪያት፤ ትደነግጥና ፊቷ ያሳብቅባታል። ካርቶኑን ብቻ አውርጂ፣ ቅደጂ፣ ብዪው ብልሽም ብዪው። ያቺን የአቡ ደይፍ ልጅ ምን እንደተናገረች በዘዴ ጠይቂና ጻፊልኝ። አውሮፕላኑ ሁሉ የሚሸሽ ሰው ይዞታል፤ መንገደኛ አጣሁ። በፖስታ ልኬዋለሁ። አላህ ያፍጥነው።

ሸሃታ

*

ነጅዕ አቡ ሲድር
ማርች 16 ቀን 2003

ለአጎቴ ሸሃታ፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፤ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ከተሰማኝ ቅሬታ በቀር።

ያን ዕለት ከክፍል ጠርተውኝ ወደ ስልክ ቤቱ ስሮጥ «አጎቴን ጋዝ መታው» ብዬ ነበር። ጫማዬ መንገድ ላይ ወልቋል። ስልኩን ሳነሣው ሰላም የለ፣ ጤና የለ፤ «ግድግዳው ላይ የለጠፍሽውን ኮተት አውርጂ! ሥዕል ሐራም ነው! ትምህርት ቤቱን የልብስ ማስጫ አስመሰልሽው!» ብለው ጮኹብኝ። ፈውዚያ ጎኔ ቆማ ጥርሷን ትፍቃለች። እኔ «አጎቴ፣ ማርከሩን የላኩልኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?» ስል «ዛሬውኑ! ስሚኝ፣ ዛሬውኑ!» ብለው ዘጉት። ፈውዚያ «ሽማግሌው አረጁ መሰል» ብላ ሳቀች። እኔም ከመሸማቀቄ ብዛት አብሬ ሳቅሁ።

መቼ ነው እርስዎ እንዲህ ያለ ሃይማኖተኛ የሆኑት? ኢንስፔክተሩ ሐሙስ መጥቶ የሰልሳቢልን ካርታ ጮክ ብሎ ለክፍሉ አነበበው። «ከአባይ ወዲህ እንዲህ ያለ ክፍል አላየሁም» አለ። እኔ ለዚህ ነው ዓመቱን ሙሉ የለፋሁት። አንድ ሰው ደውሎ ስለጮኸብኝ የልጅ ሥራ አልቀድም። ያሳደገኝ ሰው ቢሆንም።

ጤና አጥተው ከሆነ ይጻፉልኝ። ወይስ ጦርነቱ ነው ያስጨነቀዎት? እንደዚያ ከሆነ ይቅር ብያለሁ፤ እርስዎም ይቅር ይበሉኝ።

ኢንሻራህ

*

ነጅዕ አቡ ሲድር
ኤፕሪል 5 ቀን 2003

አጎቴ፣

ከእርስዎ ምንም አልመጣም። የኩዌት ፖስታ ቆሟል ይላሉ። ቢሆንም ልጻፍ።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ የአቡ ደይፍ ቤት ወንበር ዘርግቷል። ድንኳኑ መንገዱን ዘግቶታል፤ ሼኹ በድምፅ ማጉያ ቁርኣን ይቀራሉ፤ ወንዶቹ በሁለት ረድፍ ቆመው ሰላምታ ይቀበላሉ። አንዱን ልጅ «ማን ሞተ?» አልኩት። «ደርዲር» አለኝ። ስንት ዓመት የሞተ ሰው! የደርዲር እናት ዛሬ ገና አለቀሰች፤ ልክ አስከሬኑ አሁን ከቤት የወጣ ይመስል ፊቷን ትነጫለች። የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ እየገቡ «አላህ ያጽናሽ» ይሏታል፤ ዛሬ «አሜን» ትላለች።

ቆሜ ቀረሁ። ለቅሶ ከተቀመጡ ደሙን መልሰዋል። ከማን? በሐሳቤ ከቤትዎ ወንዶች አንድ በአንድ ቆጠርኩ፤ ሙርሲ የለም፣ ዑቤድ የለም፣ እርስዎ ኩዌት ነዎት። «አጎቴን አገኟቸው» አልኩ። ከዚያ ሒክመት አየችኝ። ጆሮዎቿ ላይ አዲስ የወርቅ ጉትቻ አለ። እየሮጠች መጥታ እጄን ያዘችኝና «አብላ፣ ያን ሦስቱን ነገር ያሉንን ነግሬያቸው አልነበር? አባቴ ዛሬ ‹መምህርሽን አላህ ይባርካት› አለ» አለችኝ። ወንድሟ ሐመዲ ግን የለም፤ «ፖርት ሰዒድ ፖሊስ ይዞት ነው፤ ግን ወንድ ነው ብለዋል» አለች።

አጎቴ፣ ወደ ትምህርት ቤት መልሼ ሮጥኩ። ካርቶኑን ከግድግዳው ስገነጥለው ምስማሩ እጄን ቀደደው። አነበብኩት። ያን ሁሉ ጊዜ ተሰቅሎ፣ ኮከብ ሠርቼለት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። አየሁት ብላለች እኮ! አየሁት!

ኤፕሪል 14። ያኛውን ለመላክ ፖስታ ስፈልግ ሳምንት አለፈ። ዛሬ የእርስዎ ደብዳቤ መጣ፤ የማርቹ። አቃጠልኩት እንዳሉኝ። ለምን እንዳቃጠልኩት አላውቅም፤ ከማን ልደብቀው?

ኢዕቲማድ ቤት ሄጄ ከሴቶቹ መሐል ተቀመጥኩ። «ማን ነው አፉን የከፈተው?» እያለች መሬቱን ትደበድባለች። አንድ ጊዜ ሞተ ብለው ያለቀሱለትን ሰው እንደገና ማልቀስ እንዴት ያለ ነገር ነው። ሰልሳቢል ጥግ ላይ ተቀምጣ ነጩን ጫማ አድርጋለች። አላለቀሰችም። እኔን ብቻ ታየኛለች።

ይርገሙኝ። ግን ይጻፉልኝ።

ኢንሻራህ

*

ኩዌት
ሜይ 4 ቀን 2003

ኢንሻራህ፣

ሰላምታ አፌ ላይ አልመጣ ብሎ ነው እንዲህ የጀመርኩት።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። መልስ ጽፌ ቀደድኩ፤ ደግሜ ጽፌ ቀደድኩ። ውስጡ የነበረውን ባታውቂው ይሻላል። ረግሜሻለሁ፤ ርግማኑን እመልሳለሁ፤ በማግስቱ እንደገና እረግማለሁ። «ስልኩ ላይ ለምን አልገባሽም» እላለሁ። ከዚያ «እኔስ ለምን አልነገርኳትም» እላለሁ። ዘመዴ ነሽ፣ በእጄ ያደግሽ ነሽ፤ ባምንሽ ኖሮ ያን ክብ ገና ሲጻፍ ቀድደሽው ነበር። አላመንኩሽም። ሴት ናት፣ አፏ አያርፍም አልኩ።

የሆነውን ልንገርሽ፤ ለሌላ ለማን እነግራለሁ። ያ ሐመዲ የሚባለው ልጅ መጥቶ አንድ ብርጭቆ ጭማቂ አዘዘ። ዑቤድ ቀድቶ ሲሰጠው ግራ እጁን አየ። «የነጅዕ አቡ ሲድር ሰው ነህ?» አለው። የኔ ልጅ ደግሞ የአገሩ ሰው አገኘሁ ብሎ ደስ አለው፤ «ጭማቂው በኔ ነው» አለው ይላሉ። ከዚያ ተኮሰበት። እዚያው ፖርት ሰዒድ ቀበሩት። ሚስቱ በሣልስቱ ወንድ ወለደች። ስሙን ዑቤድ አሉት። እናቲቱን ከነልጁ ወንድሞቿ ወስደዋቸዋል፤ የት እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ አንቺም አትጠይቂ።

አሁን የምጠይቅሽ ማርከር አይደለም፣ ወሬም አይደለም። ኢዕቲማድ ማንበብ አትችልም፤ ግድግዳሽንም አላየችም። «ማን አወራ?» እያለች ነው። አንድ ቀን ያቺን ሕፃን ትጠይቃታለች። ወይም ሕፃኗ ራሷን ትጠይቃለች። አሥር ዓመቷ ነው ኢንሻራህ። ይህን ተሸክማ እንዴት ታድጋለች? እንዴት ታገባለች፣ እንዴት ትወልዳለች? ሄደሽ «እኔ ነኝ» በያቸው። «አጎቴ በደብዳቤ ነግረውኝ ነበር፤ አፌ አመለጠኝ» በይ። ልጅቷ ፊት በይ።

የማይገባሽን እየጫንኩብሽ ነው? አላውቅም። አንዳንድ ቀን ይገባታል እላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ካንቺ ሌላ ይህን የምለምነው ሰው እንደሌለኝ አስብና አፍራለሁ።

ሸሃታ

*

ነጅዕ አቡ ሲድር
ሜይ 29 ቀን 2003

ለአጎቴ ለሸሃታ፦

አላህ ልብዎን ያጽናልዎት፤ ዑቤድን በጀነት ያሳርፍልዎት። ለትንሹ ዑቤድም ረጅም ዕድሜ ይስጠው፤ የትም ይሁን።

ያሉኝን አድርጌያለሁ።

ኢዕቲማድ ቤት የሄድኩት ዓርብ ከጁሙዓ በኋላ ነው፤ ሴቶቹ ሁሉ ባሉበት። «አባትሽ በደብዳቤ ነግረውኝ ነበር፤ እኔ ወፍጮ ቤት ለሴቶች አወራሁ» አልኳት። የምትመታኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልነካችኝም። «ከቤቴ ውጪ» አለች፣ በቀስታ። ስወጣ የረገጥኩትን መሬት በውኃ ስታጥበው ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ሰላም የሚለኝ የለም። ዳቦ ቤት ስደርስ ዝም ይላሉ። ኡስታዝ በክሪ እንኳ ቀልዳቸውን ተዉ። የአቡ ደይፍ ቤት ሰዎች ብቻ ናቸው ሳልፍ የሚመርቁኝ፤ ያ ከሁሉ ይብሳል። ሒክመትን ከትምህርት ቤት አስወጥተዋታል፤ ነገሩ እስኪበርድ ብለው አክስቷ ጋ ሰደዋታል። ከሰልሳቢል ጋር አይገናኙም።

ሰልሳቢል ግን ያን ዓርብ ቤት አልነበረችም። ጎረቤት ልከዋት ነበር። ሌላ ሰው ይነግራታል ብዬ ዝም አልኩ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ፈራሁ።

ትናንት የመጨረሻው ፈተና ነበር። ልጆቹ ሄደው እኔ ግድግዳውን ሳጸዳ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ነጩን ጫማ አላደረገችም። ገባችና ካርታዋ የነበረበትን ባዶ ቦታ ስታይ ቆየች።

«አብላ፣ የኔን የት አደረጉት?»

«ቀለሙ ለቀቀና ጣልኩት።»

ድምፅዋ ሳይሰማ ማለት ይቻላል፣ እንዲህ አለችኝ፦ «አትናገሪ ነው ያሉኝ። በቁርኣን አስማሉኝ። እኔ አልተናገርኩም አብላ። ጻፍኩ እንጂ አልተናገርኩም። መጻፍ መናገር ነው?»

አጎቴ፣ ተንበርክኬ ትከሻዋን ያዝኩ። እንደ እንጨት ደርቃለች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ደርቃ ነው የከረመችው፤ አላየሁላትም።

«አይደለም» አልኳት። «ያንቺን ማንም ልብ ብሎ አላነበበውም። ልጆቹ የራጂሕን ጎሽ ነው ያነበቡት።»

«ኢንስፔክተሩ አነበበው።»

«እርሱ የሩቅ ሰው ነው፤ መኪናው ላይ ሳይወጣ ረስቶታል። ስሚኝ። ያወራሁት እኔ ነኝ። አያትሽ አምነው በደብዳቤ ነገሩኝ። እኔ ወፍጮ ቤት ተቀምጬ፣ ወሬ ሲጣፍጠኝ፣ ለሴቶች ተናገርኩ። ሱቁንም፣ ከተማውንም። ያንቺ ሥዕል ባይኖርም እንዲሁ ይሆን ነበር።»

«እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

ዓይኔን አየችኝ። እንደምዋሽ ያወቀች መሰለኝና እንዳላፈገፍግ ራሴን ያዝኩ። ከዚያ ትከሻዋ እጄ ውስጥ ሲለሰልስ ተሰማኝ። ያኔ ነው ያለቀሰችው፤ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እንደ ልጅ፣ ንፍጧ እየወረደ። ላቅፋት ስል ገፈተረችኝ።

«አንቺ ነሽ የገደልሽው!» አለች። «አንቺ ነሽ!»

ተፋችብኝ። ደረቴ ላይ አረፈ። እየሮጠች ወጣች።

አልሐምዱሊላህ አልኩ፣ አጎቴ። ወላሂ፣ በሙሉ ልቤ ነው ያልኩት። ከዚያ በሩን ዘጋሁና የተንበረከክሁበት ቦታ ላይ አለቀስኩ፤ ለዑቤድም፣ ለራሴም።

ዝውውር ጠይቄያለሁ። ከወንዙ ማዶ አንድ ትምህርት ቤት መምህር ጠፍቶበታል አሉኝ፤ ማንም የማያውቀኝ ቦታ ነው። እርስዎም ለኢዕቲማድ ሰው የሚያነብላትን ደብዳቤ ሲጽፉ ይህንኑ ይጻፉላት፤ ቃላችን አንድ ይሁን። ሲመለሱ መንገድ ላይ ቢያገኙኝ ሰላም አይበሉኝ፤ ሰው ያያል።

አንድ ነገር ብቻ ቃል ይግቡልኝ። ልጅቷ ታድጋለች፤ ልቧም ይበርዳል፤ አንድ ቀን ይቅር ልበላት ብላ ስለኔ ትጠይቅዎት ይሆናል። አዝነውልኝ እውነቱን እንዳይነግሯት። እኔ ከሞትኩ በኋላም ቢሆን።

ኢንሻራህ